ከአንበሳው ሥር የነበረ ስም

ሲስተር ኢልሃም ለነህምያ ጥቁሩን መነጽር ካደረገችለት በኋላ አንድ ትርፍ አውጥታ ለሊዲያ አቀበለቻት።

«እዚህ መቀመጥ ከፈለግሽ አድርጊው። ይሄ የሌዘር ብርሃን ጥቁር ባገኘበት ሁሉ ነው የሚያርፈው፤ የዓይን ብሌን ደግሞ ጥቁር ነው።»

ሊዲያ መነጽሩን አድርጋ የእጮኛዋን ግራ እጅ ያዘች። ቀኙ በማደንዘዣ ቅባት ተለቅልቆ ነጭ ጨርቅ ላይ ተዘርግቷል። ከክርኑ እስከ አንጓው ድረስ አፉን የከፈተ፣ ጎፈሩ የተንዠረገገ ጥቁር አንበሳ ተነቅሶበታል። በሆሳዕና ከተማ ታቱ የሚያጠፋ ክሊኒክ ሲከፈት ይህ የመጀመሪያው ነበር፤ ነህምያም ከደንበኞቹ መካከል ጎፈሬያም አንበሳ ይዞ የመጣ የመጀመሪያው ሰው ሳይሆን አይቀርም።

ያ አንበሳ ባይኖር ኖሮ ተጋብተው ነበር። ነህምያ ከደቡብ አፍሪካ የተመለሰው ለሀዲያዎች ዘመን መለወጫ፣ ለያሆዴ በዓል ነው። ሊዲያ እሱ በሌለባቸው ስምንት ዓመታት አራተኛ ክፍል እንግሊዝኛ እያስተማረች፣ የመጣውን ሽማግሌ ሁሉ እያሳፈረች ጠብቃዋለች። ሲሄድ የአንዲት ምስኪን መበለት ልጅ ነበርና የሊዲያ አባት አቶ ጠና «ምን ይዞ ነው ልጄን የሚለምነኝ?» ብለውት ነበር። ሲመለስ ለእናቱ ባለ ሴራሚክ ቤት ሠርቶ፣ ሽማግሌ አስከትሎ ወላጆቿ ወዳሉበት መንደር፣ ሀቢቾ ድረስ ሄደ። ከብት ታረደ፣ በቅቤ የራሰው የቆጮ ምግብ፣ አተካና ቀረበ፣ ሁሉም ነገር አማረ። አቶ ጠና ግን የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። እንግዳው እጁን ሊታጠብ እጅጌውን ሲሰበስብ ዓይናቸው አንበሳው ላይ ዐረፈና ፊታቸው ጠቆረ።

«ቃሉ ገላችሁን አትንቀሱ ይላል» አሉ ገበታው ከተነሳ በኋላ። «እኔ ይሄን የተሸከመ ክንድ በጉባኤ ፊት ይዤ አልመርቅም። ያጥፋውና ይምጣ።»

ነህምያ ያን ጊዜ የመለሰው መልስ ለሊዲያ ከቀለበቱ በላይ ነበር። «ለእሷ ስል ቆዳዬንም እገፈፋለሁ፣ አባባ» ነበር ያለው።

«ይፋቃል ማለት ነው?» ብላ ጠየቀች ሊዲያ አሁን፣ ሲስተር ኢልሃም መሣሪያውን ስታነሳ።

«አይፋቅም። ብርሃኑ ቆዳውን አልፎ ቀለሙን ብቻ ነው የሚመታው። ቀለሙ ውስጥ ለውስጥ እንደ አሸዋ ይደቃል። ከዚያ በኋላ ሥራው የእኔ አይደለም፤ የገዛ ሰውነቱ ነው የደቀቀውን እያነሳ የሚያስወግደው። ለዚህ ነው በየሁለት ወሩ የምንመላለሰው። እኛ ጠይም ሰዎች ደግሞ ቀስ ማለት ያስፈልገናል። ጉልበቱን ካበዛሁት የራሱን የቆዳ ቀለምም ይወስድና ለምጽ የመሰለ ነጭ ይተውበታል።»

መሣሪያው ጠሽ ጠሽ ይል ጀመር፤ ውሃ የጋለ ዘይት ላይ ሲንጠባጠብ እንደሚያሰማው ድምፅ። ብርሃኑ ያረፈበት ሁሉ ወዲያው ነጭ አረፋ ለበሰ፤ የተለበለበ ፀጉር ሽታ ክፍሉን ሞላው። የነህምያ ጣቶች የሊዲያን ጣቶች እስኪያማቸው ጨመቋቸው። ሊዲያ እጇን አላስለቀቀችም። ስምንት ዓመት ብቻዋን ስትታመም ኖራ አሁን እሱ ለእሷ ብሎ ሲታመም ማየት ልቧ ውስጥ አንድ ጣፋጭ ነገር አፈሰሰባት፤ በሰው ሕመም እንዲህ መደሰቷም ትንሽ አሳፈራት።

* * *

ለሁለተኛው ቀጠሮ በታኅሣሥ ሲመለሱ አንበሳው ሳስቷል። ጎፈሩ ውሃ እንደነካው ከሰል ደብዝዞ፣ ጥርሱ ጠፍቶ፣ አንድ ዓይኑ ብቻ ቀርቷል። ሲስተር ኢልሃም ክንዱን ወደ መብራቱ አዞረችና አተኩራ አየችው።

«ይሄ ነገር ሁለት ጊዜ ነው የተሠራው» አለች። «ከአንበሳው በፊት ሌላ ነበረበት አይደል? አየሽ ሊዲያ፣ ሁለት ጊዜ ቀለም የገባበት ቦታ ቶሎ አይለቅም። ላዩ ሲሳሳ የታቹ ይወጣል።»

ሊዲያ ጎንበስ አለች። ከአንበሳው ደረት ሥር፣ ከዙሪያው ደመቅ ብሎ፣ ተያይዞ የተጻፈ የእንግሊዝኛ ፊደል ይታያል። መምህር ናትና ሳታስበው ከንፈሯ አነበበው።

«ናሌዲ።»

ነህምያ ዓይኑን ወደ ጣሪያው ሰቀለ። ሲስተር ኢልሃም የተናገረችውን መልሳ ብትውጠው በወደደች፤ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ከክሊኒኩ ወጥተው አስፋልቱን ተሻግረው ጁስ ቤት ገቡ። ነህምያ የቀረበለትን አቮካዶ በማንኪያ ያማስላል፤ አይቀምሰውም።

«ማን ናት?» አለች ሊዲያ።

«ሊዱ፣ ያለፈ ነገር ነው።»

«ያለፈ ነገር ስም አለው። ናሌዲ።»

«ስሟን አታንሺው!» አለ፤ ድምፁ ከጠበቀው በላይ ወጥቶ ጎረቤት ጠረጴዛ ያሉት ዞር አሉ። ከዚያ ዝቅ አድርጎ «እባክሽ» አለ።

ሊዲያ ፊቷ ጋለ። የሴትየዋን ስም እንኳ ከሊዲያ አፍ ሊሰማ አልፈለገም ማለት ነው!

«ትወዳት ነበር?»

ብርጭቆውን ወደ ጎን ገፋ አደረገ። «አዎ» አለ በመጨረሻ።

«አሁንስ?»

ቀና ሲል ዓይኖቹ ውሃ ሞልተዋል። «አሁን እዚህ ነኝ፣ ካንቺ ጋር።»

ይህ መልስ እንዳልሆነ ሊዲያ አውቃለች። በየመንደሩ «ያቺ የምትጠብቀው ልጅ» እየተባለች ስትጠራ፣ የእድሜ እኩዮቿ ሲያገቡ ሚዜ እየሆነች ስትሸኛቸው የኖረችበት ዘመን ሁሉ ትዝ አላት።

«አባቴ ያየው አንበሳውን ነው» አለች። «እኔ ያየሁት ግን እሷን ነው። አንበሳው ቢቀር ግድ የለኝም። እሷ ካልጠፋች ሠርግ የለም። ታጠፋታለህ ወይስ አታጠፋትም?»

ያን ጊዜ አንዲት ቃል ቢናገር የሁለቱም ሕይወት በሌላ መንገድ በሄደ ነበር። ነህምያ ግን ማንኪያውን ብርጭቆው ውስጥ አቆመና በቀስታ «አጠፋለሁ» አለ።

ሊዲያ አሸነፈች። ወደ ቤት በባጃጅ ስትመለስ ግን ያሸነፈ ሰው የሚሰማውን ደስታ ብትፈልገው አጣችው።

* * *

በየካቲት አንበሳው ከነጭራሹ ጥላ ሆኖ ነበር። ስሙ ግን አሁንም ይነበባል። ሲስተር ኢልሃም ዙሪያውን ከጨረሰች በኋላ ወደ ፊደሎቹ ስትጠጋ ነህምያ ክንዱን ሰብሰብ አደረገ።

«ሲስተር፣ ይሄን ቦታ ብትተዪውስ?»

ሲስተር ኢልሃም እጇን አየር ላይ አቁማ ሊዲያን አየቻት።

«አትተዪው» አለች ሊዲያ። የገዛ ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት። «እዚህ የመጣነው ለሱ ነው።»

«ሊዱ...»

«ቃል ገብተህልኛል።»

ነህምያ ክንዱን ቀስ ብሎ መልሶ ዘረጋው። መሣሪያው ጠሽ ጠሽ አለ። ወዲያው ከመነጽሩ ሥር እንባ ወጥቶ በጉንጩ ላይ ወረደ፤ ከዚያ ሌላ ተከተለው። በቀደሙት ጊዜያት አላለቀሰም ነበር።

«አመመህ? ላቁምልህ?» አለች ሲስተር ኢልሃም።

«አያምም። ቀጥይ።»

ሊዲያ ይዛው የነበረውን ግራ እጁን ለቀቀችው። ለሌላ ሴት የሚያለቅስን ሰው እጅ ይዛ ልታጽናና አልቻለችም። ሲስተር ኢልሃም ቁስሉን ቀብታ በፋሻ እየሸፈነች «በሚቀጥለው ጊዜ ምንም አይቀርም፤ አሁንም አንድ ሁለት ፊደል ቢቀር ነው» ስትላት ሊዲያ «ተመስገን» አለች። አንጀቷ ግን በማታውቃት ሴት ቅናት ይቃጠል ነበር። ከእሷ በፊት ተወዳ፣ ከእሷ ይልቅ የምትለቀስላት ያቺ ናሌዲ የምትባል ማን ትሆን? ቆንጆ ናት? ትስቃለች? ማታ ማታ ሊዲያ በስልክ የላከችለትን የድምፅ መልእክት አብራው ሰምታ ይሆን?

* * *

ክንዱ እስከዚያ ይጠራል ተብሎ ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ። በአንድ ቅዳሜ ረፋድ ሊዲያ የነህምያ እናት ቤት ነበረች። ታላቅ እህቱ ጣቢታ ጓሮ ልብስ ታሰጣለች፤ እሱ አልጋ ሊያይ አናጺ ቤት ሄዷል። ስልኩን ሳሎን ቻርጅ ላይ ትቶት ነበር። ሲጮኽ ሊዲያ አየችው። የቪዲዮ ጥሪ ነው፤ ስም የለውም፣ አንዲት ትንሽ ኮከብ ብቻ። የቁጥሩ መነሻ የደቡብ አፍሪካ መሆኑን ግን ታውቃለች፤ ስንት ዓመት ወደዚያ አገር ደውላለችና።

«መጣች» አለች በልቧ። ፀጉሯን በእጇ አስተካከለች፤ ልትጣላ የምትሄድ ሴት እንደምታደርገው ጀርባዋን አቀናች። አነሳችው።

ስክሪኑ ላይ የወጣችው የፊት ጥርሶቿ የወለቁ፣ ሁለት ቁንጮ የተሠራች ትንሽ ልጅ ናት። ቅንድቧ መሃል ላይ የተገናኘ ነው፤ ልክ እንደ ነህምያ ቅንድብ።

«አንቺ ማን ነሽ?» አለች ልጅቷ በእንግሊዝኛ።

ሊዲያ ያዘጋጀችው ንግግር ሁሉ ጠፋባት። «ሊዲያ እባላለሁ። አንቺስ?»

«ናሌዲ። ኮከብ ማለት ነው። አባዬ የት ሄደ?»

ሊዲያ ሶፋው ላይ ተቀመጠች።

«አባዬ ወጣ ብሏል፣ ናሌዲ። ስልኩን ረስቶ ነው።»

«ሁልጊዜ ይረሳል» አለችና ሳቀች። «ሲመጣ ጥርሴ እንደወለቀ ንገሪው። አንበሳውንም ሰላም በዪልኝ።»

«የቱን አንበሳ?»

«ክንዱ ላይ ያለውን ነዋ! ሲሄድ ጊዜ አለቀስኩ፤ ከዚያ አባዬ ስሜን ከአንበሳው ሥር አደረገው። ሌባ እንዳይወስደው አንበሳው ይጠብቅልኛል። አንቺ አይተሽዋል?»

ሊዲያ መልስ መስጠት ነበረባት። በየቀኑ ስንት ሕፃን የሚጠይቃትን ጥያቄ ትመልሳለች። ይህኛው ግን እንደዚያ አልነበረም።

«አይቼዋለሁ» አለች። «ቆንጆ ስም ነው።»

ጥሪው ሲቋረጥ ጣቢታ የልብስ መዘፍዘፊያውን ታቅፋ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሁሉን ሰምታለች። እንግሊዝኛው ባይገባትም የልጅቷ ድምፅ ገብቷታል።

«ንገራት አልኩት» አለች ጣቢታ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ። «በእግዚአብሔር ስም ነው የምልሽ፣ ሊዱዬ፤ ካገባኋት በኋላ እነግራታለሁ እያለ...»

ሊዲያ አላዳመጠቻትም። የራሷን ድምፅ ነበር የምትሰማው፤ «አትተዪው» ያለችበትን።

* * *

ነህምያ የአልጋውን ሞዴል ፎቶ በወረቀት ይዞ እየሳቀ ገባ። የሁለቱን ፊት ሲያይ ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ።

«ልጅህ ደውላ ነበር» አለች ሊዲያ።

ወረቀቱ ከእጁ ወደቀ። «ምን አለችሽ?»

«ጥርሴ ወልቋል ብለሽ ንገሪልኝ አለችኝ።»

ጣቢታ አፏን በነጠላዋ ይዛ ወደ ጓሮ ወጣች። ነህምያ ሊዲያ እግር ሥር ተንበረከከ።

«ልነግርሽ ነበር። በመጣሁ ቀን ልነግርሽ ነበር፣ ሊዱ! መናኸሪያ አበባ ይዘሽ ቆመሽ ሳይሽ አፌ ተያዘ። ስምንት ዓመት የጠበቀችኝን ሴት እንዴት ብዬ ልጅ ወልጄ መጣሁ ልበላት?»

«እናቷስ?»

«ከተለያየን ቆየን። ሱቃችን የተዘረፈ ጊዜ ቤቷ ደብቃ ያተረፈችኝ እሷ ናት። ከዚያ ... ሰው አልነበረኝም። አልዋሽሽም፤ ክፉ አልነበረችም። ሳንስማማ ቀረን። ናሌዲን ግን...» ድምፁ ተቆረጠ።

«የምልክልህን የድምፅ መልእክትስ?»

«እሰማው ነበር። ናሌዲን ደረቴ ላይ አስተኝቼ እሰማው ነበር።»

ሊዲያ ዓይኗን ጨፈነች። የፈራችው ሴት ሳትሆን አንዲት ሕፃን ነበረች ያን ድምፅ እየሰማች የምታንቀላፋው። «በርታልኝ፣ እየጠበቅኩህ ነው» ስትል፣ ያቺ ልጅ እዚያ ነበረች።

«ክንድህን አምጣ» አለችው።

እጅጌውን ሰብስቦ ሰጣት። ቆዳው ለስላሳ ነው፤ ሲስተር ኢልሃም እጇ የተባረከ ነው፤ ጠባሳ የለበትም። አንበሳው የለም። ከስሙም መጨረሻው ላይ ያለች አንዲት ፊደል ብቻ፣ የእርሳስ ጭረት የምታህል፣ ለሚያውቃት ሰው ብቻ ትታያለች።

«እንደገና አስነቅሰዋለሁ» አለ ነህምያ ቶሎ ብሎ። «አባትሽ የማያዩት ቦታ፣ ደረቴ ላይ። ልጅቷንም እናመጣታለን። አንቺ ታሳድጊያታለሽ፤ ልብሽን አውቀዋለሁ፤ ከወለድሽው አስበልጠሽ ታሳድጊያታለሽ።»

«አሳድጋት ነበር» አለች ሊዲያ። «መናኸሪያው ላይ ብትነግረኝ አለቅስ ነበር። አንድ ወር ላላናግርህ እችል ነበር። ከዚያ ግን መጥቼ ፎቶዋን አሳየኝ እልህ ነበር። ራሴን አውቃለሁ።»

«አሁንም እኮ...»

«ቆይ፣ ልጨርስ። ጁስ ቤቱ ውስጥ ታጠፋታለህ ወይ ብዬ ስጠይቅህ የምጠይቀውን አላውቅም ነበር። አንተ ግን ታውቅ ነበር። እኔ ስለ አንዲት ሴት እየጠየቅኩ ነበር፤ አንተ ስለ ልጅህ መለስክ። አጠፋለሁ አልክ።»

«አንቺን እንዳላጣ ብዬ ነው! ምን አድርጌ ልያዝሽ? ያን አገር ሁሉ ያቋረጥኩት ላንቺ ብዬ አይደለም?»

«እኔን እንዳታጣ ልጅህን ሰጠህ። በሌላ ቀን ደግሞ ሌላ ነገር እንዳታጣ እኔን ትሰጣለህ።» ድምፅዋ ከፍ አላለም፤ እሱን ያስፈራውም ይኸው ነው። «ያን ቀን ክንድህን ነጥቀኸኝ 'ልጄ ናት፣ አልሰጥም' ብለኸኝ ብትሄድ፣ ነህምያ፣ ምናልባት እጠላህ ነበር። ግን አልንቅህም ነበር።»

«ሊዲያ!»

«እኔንም ራሴን እንድንቅ አደረግኸኝ። ቁጭ ብዬ አስጠፋሁት። አትተዪው አልኩ። የሕፃን ስም መሆኑን ሳላውቅ ተመስገን አልኩ።»

እግሯን አቅፎ ያዘ። ሊዲያ ጣቶቹን አንድ በአንድ አስለቀቀቻቸው። እነዚያ ጣቶች ከዚህ በፊት ሲጨምቋት እጇን ያላስለቀቀችበትን ቀን አስታወሰች። በሩ ላይ ስትደርስ ብቻ ዞር አለች።

«ደውልላት» አለች። «ጥርሷ ወልቋል።»

መንገድ ላይ ወጥታ የመጀመሪያው ጥግ እስክትዞር ድረስ ከኋላዋ ተከትሎ እንዲመጣ ፈለገች፤ እንዳይመጣም ጸለየች። አልመጣም።

* * *

ሀቢቾ ስትደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። አቶ ጠና እንሰቱ መሃል በማረሻ ያልተነካውን አፈር በመቆፈሪያ ሲያላሉ አገኘቻቸው። ልጃቸው ሳትነግራቸው መምጣቷ አስደሰታቸው። መቆፈሪያውን አስደግፈው እጃቸውን በሱሪያቸው ጠረጉ።

«ደግ ጊዜ መጣሽ፣ ልጄ። ልልክብሽ ነበር። ስለዚያ ልጅ ክንድ ሳስብበት ከረምኩ። እናትሽም ወቀሰችኝ። ስምንት ዓመት የጠበቀን ልብ በቀለም ምክንያት ማስጨነቄ ከጌታ አልመሰለኝም። ሳይጠፋ ቢቀርም ይቅር፤ እንዳለ ይምጣ። እመርቃችኋለሁ።»

ሊዲያ አባቷን አየቻቸው። ሊያስደስቷት ብለው ፈገግ ብለዋል፤ በሽበታቸው ላይ የእንሰት ገለባ ተሰክቷል። በታኅሣሥ ቢሉት ኖሮ! በጥቅምት ቢሉት ኖሮ! ብላ መጮኽ አማራት። ግን የእሳቸው ጥፋት እንዳልሆነ ታውቃለች፤ እሳቸው የጠየቁት አንበሳውን ነበር።

«ሠርጉ ቀርቷል፣ አባ» አለች።

ፈገግታቸው ቀስ ብሎ ከፊታቸው ወረደ። ምን እንደተፈጠረ አልጠየቁም። መጥተው ትከሻዋን በአፈር በቆሸሸ እጃቸው ያዙ፤ ያኔ ቀኑን ሙሉ ያልመጣ እንባ መጣ። እናቷ ከቤት ወጥታ ሁለቱን ስታይ እሷም ሳትጠይቅ ወደ ውስጥ ይዛት ገባች፤ ጋቢ አልብሳ አጠገቧ ተቀመጠች።

ስልኳ ሲጮኽ ሊዲያ ማን እንደሆነ ለማየት አላስፈለጋትም። ለእሱ ብቻ የመረጠችው የጥሪ ድምፅ ነው።

«ላጥፋልሽ?» አለች እናቷ።

ሊዲያ «ተዪው» በሚል ራሷን ነቀነቀች። አላነሳችውም፤ እስኪያበቃ ጠበቀችው። ነገር ግን ስልኩ ገና ሲጮኽ፣ ከሁሉ ነገር በኋላ፣ ልቧ እንደ ድሮው በደስታ ዘሎ ነበር። ነህምያን ምናልባት አንድ ቀን ይቅር ትለው ይሆናል። ያን የገዛ ልቧን ግን ይቅር ማለት አቃታት።